ለአንድ ጥፋት ስንት ቅጣት? ለምርጫ ሕግ አስከባሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ
ለፍትሕ ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ በምርጫ ዘመቻ ወቅት ለተፈጸመ አንድ ጥፋት ተደራራቢ ቅጣት እንዳይጣል ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ ለሦስታችሁም በአንድነት የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ለየብቻችሁ ብጽፍላችሁ እያንዳንዳችሁ «እኛ የምንሠራው በተቋቋምንበት አዋጅ መሠረት ነው» ትሉኛላችሁ፤ መልሳችሁም እውነት ይሆናል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አንዳችሁም ሕግ ሳትጥሱ፣ ሁላችሁም ሥልጣናችሁን እንደተሰጣችሁ ተጠቅማችሁ፣ አንድ ዕጩ በአንድ ጥፋት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊቀጣ ይችላል። ይህ እንዳይሆን የሚከለክል ግልጽ አሠራር በመካከላችሁ የለም።

በምሳሌ ላስረዳ። ሰውየው የለም፤ ሕጎቹ ግን በሥራ ላይ ያሉ ናቸው። አንድ የግል ዕጩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወረዳው አዳራሽ ደጋፊዎቹን ሰብስቦ ይናገራል። ጭብጨባው ሲበረታ፣ ወኔው ሲጋጋል፣ የአንድን ብሔረሰብ ተወላጆች በጅምላ የሚያንቋሽሽ ቃል ይወጣዋል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በስልኩ የሚቀርጽ ወጣት ቪዲዮውን በዕጩው የፌስቡክ ገጽ ላይ ይለጥፈዋል። እሑድ ማታ የአካባቢው ኤፍ ኤም ሬዲዮ ድምፁን ቆርጦ ያሰማዋል። ሰኞ ጠዋት ያው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በፍላሽ ተገልብጦ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

ቦርዱ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011ን የሥነ ምግባር ድንጋጌዎች ይዞ ዕጩውን ይጠራዋል። ዐቃቤ ሕግ በበኩሉ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ያነሳል። በዚህ አዋጅ የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። በዚያው ንግግር ውስጥ ሐሰተኛ ወሬም ከተገኘ፣ ገጹም ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው፣ እስከ 3 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ የሚያደርስ ሌላ ክስ ሊጨመርበት ይችላል። ባለሥልጣኑ ደግሞ የሬዲዮ ጣቢያውን ይጠይቃል። ጣቢያው ድምፁን ለማስተላለፍ የወሰነው ራሱ ነውና በራሱ ጥፋት ቢጠየቅ ድርብ ቅጣት አይባልም። ነገሩን ተከትሎ ለዕጩው የተመደበው የአየር ሰዓት ቢታገድ ግን ይህም በዕጩው ላይ የወረደ ሌላ ቅጣት ይሆናል።

ይህ ዕጩ አጥፍቷል። መጠየቅም አለበት። በአገራችን ከመድረክ የተወረወረ ቃል ምን እንዳስከተለ የምናውቅ ሰዎች ነንና «ንግግር ብቻ ነው» ብዬ አልከራከርለትም። ጥያቄዬ ስንት ጊዜ፣ በማን፣ በምን ቅደም ተከተል ይጠየቅ የሚል ነው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 23 ማንም ሰው በወንጀል ሕግና ሥነ ሥርዓት መሠረት ተከሶ የመጨረሻ በሆነ ውሳኔ ጥፋተኛ በተባለበት ወይም በነጻ በተለቀቀበት ወንጀል እንደገና እንደማይከሰስና እንደማይቀጣ ይደነግጋል። መርሁ አዲስ አይደለም፤ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ነበረ፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 2 ውስጥ ቀጥሏል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 61 ደግሞ በአንድ ሐሳብ የተፈጸመን አንድ ድርጊት ከፋፍሎ፣ ተመሳሳይ በሆኑ ድንጋጌዎች ደጋግሞ መቅጣትን ይከለክላል።

ታዲያ ምን ቀረ? የቀረው በመሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት መካከል ያለው ክፍተት ነው። የአንቀጽ 23 ጥበቃ የሚነሳው በወንጀል ሥነ ሥርዓት የተሰጠ የመጨረሻ ፍርድ ሲኖር ነው። ቦርዱ ዕጩውን ከውድድር ቢሰርዘው፣ ያ «አስተዳደራዊ እርምጃ» ስለሚባል፣ ዐቃቤ ሕግ በማግሥቱ በዚያው ቪዲዮ ክስ ቢመሠርት የሕገ መንግሥቱ ቃል አይጣስም። ዕጩውም «ተቀጥቼበታለሁ» ብሎ የሚያቀርበው መቃወሚያ የሚረታ አይመስለኝም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው አጠቃላይ ትንታኔ ቁጥር 32 ላይ፣ በሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የታወቀው የድርብ ቅጣት ክልከላ የወንጀል ቅጣት ደረጃ ላይ የማይደርሱ የዲሲፕሊን እርምጃዎችን እንደማይመለከት ገልጿል። ስለዚህ የማነሳው ጉዳይ ሕጉ ዝም ያለበት ነው፤ ሕጉ ዝም ሲል ደግሞ የሥራ ኃላፊዎች አስተዋይነት ይፈለጋል።

በተለይ አንድ ነገር እንድታዩልኝ እለምናለሁ። ዕጩው ቦርዱ ሲጠራው ምን ያደርጋል? ዕጩነቱን ለማትረፍ ይቅርታ ይጠይቃል። በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ «በዕለቱ የተናገርኩት ስሕተት ነው፤ የተጎዱትን ወገኖች ይቅርታ እጠይቃለሁ» ይላል። ለሰላም ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ቦርዱም ደስ ይለዋል፤ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፋይሉን ይዘጋል። ከሦስት ወር በኋላ ያች አንዲት ገጽ ደብዳቤ በወንጀል መዝገብ ውስጥ የዐቃቤ ሕግ የሰነድ ማስረጃ ሆና ትገኛለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው፣ ተገዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት እንደማይቀርብበት ይናገራል። ዕጩው ግን በወቅቱ «የተያዘ ሰው» አልነበረም፤ የተጠራው በአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ የፈረመውም ማንም ሳያስገድደው ነው ይባላል። ይህ አንድ ጊዜ ከሆነና ከተሰማ፣ ከዚያ በኋላ የትኛው የሕግ አማካሪ ነው ደንበኛውን «ሂድና ይቅርታ ጠይቅ» የሚለው? እኔ ብሆን ዝም በል እለው ነበር። ያኔ በምርጫ ሰሞን በጣም የምንፈልገው ነገር፣ የተሳሳተ ፖለቲከኛ በአደባባይ ቃሉን መመለሱ፣ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። የዘመቻ ጊዜ የተቆጠረ ነው፤ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት የጥሞና ቀናትም ከእሱ ላይ ይቀነሳሉ። ሰኞ ቦርድ፣ ረቡዕ ፖሊስ ጣቢያ፣ ዓርብ ዋስትና ለማስፈጸም ፍርድ ቤት የዋለ ዕጩ የመጨረሻው ውሳኔ ነጻ ቢያወጣው እንኳ ምርጫው አልፎታል። ትልቅ ፓርቲ የሕግ ክፍል አለው፤ ጠበቃውን ልኮ ቅስቀሳውን ይቀጥላል። የግል ዕጩ ግን የራሱ አስተባባሪ፣ የራሱ ገንዘብ ያዥ፣ የራሱ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ተደራራቢ አሠራር በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ቢሆንም የሚሰብረው ትንሹን ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሌሎችም ታግለውበታል። ብዙ የሚያስተምረን የፈረንሳዩ የኒኮላ ሳርኮዚ ጉዳይ ነው። ሳርኮዚ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁለተኛ ዙር ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ሕጉ የፈቀደው የወጪ ጣሪያ 22.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። የዘመቻ ሒሳብ የሚመረምረው ኮሚሽን ሒሳባቸውን ውድቅ አደረገ፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 አጸናው። ከጣሪያው ያለፈውን 363,615 ዩሮ ለመንግሥት እንዲከፍሉ ተወሰነ፤ መንግሥት ሊተካላቸው የነበረው ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይም ቀረባቸው። በኋላ ቢግማሊዮን የተባለው የዝግጅት ድርጅት የዘመቻውን ወጪ የፓርቲ ስብሰባ ወጪ አስመስሎ በሐሰተኛ ደረሰኝ መደበቁ ወጣ። እውነተኛው ወጪ ወደ 43 ሚሊዮን ዩሮ ይጠጋ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ሲከስሳቸው «በዚህ ጉዳይ ተቀጥቻለሁ» ብለው ተከራከሩ።

የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 መቃወሚያቸውን አልተቀበለም። እንደ ምክር ቤቱ የገንዘብ ቅጣቱ ዓላማ ምርጫው እንዳለቀ የዕጩዎችን የወጪ ሚዛን ማስጠበቅ ሲሆን የወንጀል ቅጣቱ እሥራትን የሚጨምርና የግለሰቡን ጥፋት መዝኖ የሚጣል በመሆኑ ሁለቱ በባሕርያቸው ይለያያሉ። ሳርኮዚ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንድ ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው፤ በይግባኝ በ2024 ስድስት ወሩ በገደብ ሆነ፤ የሰበር ፍርድ ቤቱም በኖቬምበር 2025 ፍርዱን አጸናው።

እኔ በውጤቱ እስማማለሁ፤ በምክንያቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልረካሁም። ለእኔ የሚያሳምነኝ የመጀመሪያው ቅጣት የተጣለው እውነቱ ተደብቆ በነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታወቀው ከጣሪያው በላይ የወጣ ገንዘብ አንድ ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ ነበር፤ በኋላ የተገኘው 20 ሚሊዮን ገደማ ነው። ማስረጃ የደበቀ ሰው በተደበቀው ነገር አልተቀጣምና ሲገኝበት «አንድ ጊዜ ተቀጥቻለሁ» ማለት አይችልም። የእኛ ዕጩ ግን የደበቀው ነገር የለም። ቪዲዮው ሰኞ ጠዋት የሁላችሁም ጠረጴዛ ላይ ነበር።

የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በፒየር ብሎክ ጉዳይ፣ የዘመቻ ወጪ ጣሪያን በማለፉ ወንበሩን ያጣን፣ ለአንድ ዓመት እንዳይወዳደር የተከለከለንና ገንዘብ እንዲከፍል የተወሰነበትን ፈረንሳዊ የምክር ቤት አባል ጉዳይ አይቶ፣ ይህ የወንጀል ቅጣት አይደለም ብሏል። ይህ አልዋጥ ብሎኛል። ለፖለቲከኛ ከውድድር ከመውጣት የሚበልጥ ምን ቅጣት አለ? በእኛም አገር በስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ዋዜማ የባልደራስ ፓርቲ አመራሮች ክሳቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ በእሥር ላይ ሆነው በዕጩነት አልተመዘገቡም ነበር፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ፤ ቦርዱም ውሳኔውን ፈጸመ። ያን ያህል ክርክር የተደረገው ዕጩነት ተራ የአስተዳደር ወረቀት ስላልሆነ ነው። የብዙ ሺህ መራጮች ምርጫም አብሮት ይነሳል ወይም ይወድቃል።

ይበልጥ የሚጠቅመን ያው የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 በሁለት የኖርዌይ ግብር ከፋዮች ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ነው። ገቢያቸውን በመደበቃቸው ግብር ሰብሳቢው 30 በመቶ ተጨማሪ መቀጮ ጣለባቸው፤ በዚያው ጉዳይ በወንጀልም ተከሰው ታሠሩ። ፍርድ ቤቱ መብታቸው አልተጣሰም ያለው ሁለቱ ሒደቶች በይዘትም በጊዜም ተቀራርበው የተካሄዱ ስለሆኑ፣ ማስረጃው በጋራ ስለተሠራበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዳኞቹ እሥራቱን ሲወስኑ ቀድሞ የተከፈለውን መቀጮ ከግምት ስላስገቡ ነው። ሁለት መሥሪያ ቤት በአንድ ጉዳይ መሥራቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዳላየ ሆኖ ሲቀጣ ነው በደል የሚሆነው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። የወንጀል ሕጋችን ተከሳሹ ከፍርድ በፊት የታሠረበትን ጊዜ ከቅጣቱ ላይ ይቀንስለታል። በውጭ አገር ተፈርዶበት ቅጣቱን በከፊል የፈጸመ ሰው እዚህ እንደገና ቢፈረድበት እንኳ በዚያ የፈጸመው ይታሰብለታል። በባዕድ አገር እሥር ቤት ያሳለፈውን ጊዜ የምንቆጥርለት ሰው በራሳችን ቦርድ የተወሰነበትን እንዴት አንቆጥርለትም?

እንግዲህ የምጠይቃችሁን በግልጽ ልናገር።

በመጀመሪያ ማስቆምንና መቅጣትን ለዩልን። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ቪዲዮው እንዲወርድ ማዘዝ፣ ፖስተሩን ማንሳት፣ እርምት እንዲነገር ማድረግ፣ ማስጠንቀቂያ መስጠት ፈጣን መሆን አለበት፤ ፍርድ ቤት አይጠብቅም፤ የኋላ ክስንም አይከለክልም። ዕጩነትን መሰረዝ፣ የአየር ሰዓት መንጠቅና ገንዘብ ማስከፈል ግን ስማቸው «አስተዳደራዊ» ቢሆንም ሰውየውን የሚቀጡ ናቸውና እንደ ቅጣት ይታዩ። ከመወሰናቸው በፊት ዕጩው ይሰማ፣ ማስረጃው ይታየው፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው።

ከዚያ መንገዱን አስቀድማችሁ ምረጡ። ለዚህም ከፈረንሳይ አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ከምርጫ ውጭ ቢሆንም። የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪውና ዐቃቤ ሕግ አንድን ሰው በአንድ ጥፋት ለየብቻ ሲቀጡ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 አይቻልም አለ። በማግሥቱ ዓመት በወጣው ሕግ ሁለቱ ክስ ከመመሥረታቸው በፊት እንዲነጋገሩና ጉዳዩን ከሁለት አንዳቸው ብቻ እንዲይዘው ተደረገ፤ ካልተስማሙም የሚወስን አካል ተሰየመ። ይህን በእኛ አቅም ማድረግ አይከብድም። አቤቱታ እንደቀረበ ቦርዱና ዐቃቤ ሕግ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገናኝተው፣ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ነው ወይስ የወንጀል፣ ይወስኑ። አንድ መዝገብ፣ አንድ መጥሪያ፣ አንድ ምርመራ ይሁን። ከባድ ከሆነ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ ቦርዱ ያስቁም እንጂ አይቅጣ። ቀላል ከሆነ ቦርዱ ይጨርሰው፤ ዐቃቤ ሕግም አዲስ ነገር ካልተገኘ መዝገቡን አይክፈት። የግድ ሁለቱም መሄድ ካለባቸው ደግሞ የወንጀል ዳኛው የቦርዱ ውሳኔ ከመዝገቡ ጋር ቀርቦለት ከቅጣቱ ላይ ያስብለት።

ለቦርዱ የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤም በወንጀል ችሎት ማስረጃ አይሁን። ይህን በአንድ መስመር ብትጽፉት ብዙ አንደበት ይታረማል።

«ይህ ለጥላቻ ሰባኪዎች መሸሸጊያ አይሆንም ወይ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ አሁን ያለው ክፍተት ለእነሱም ይጠቅማል የሚል ነው። ጉዳዩ በየመሥሪያ ቤቱ ሲዞር አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ በቦርድ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው «ጉዳዬ አልቋል» ይላል፤ ዐቃቤ ሕግም «ቦርዱ ይዞታል» ይላል። ንግግሩ በሰው ላይ ጥቃት ካስከተለ አዋጅ 1185/2012 ራሱ ቅጣቱን ከ1 እስከ 5 ዓመት ያደርሰዋል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ በማስጠንቀቂያ የሚያልፍ መሥሪያ ቤት መኖር የለበትም። መንገዱ በመጀመሪያው ሳምንት ከተለየ ከባዱ ጥፋተኛ ከባዱን ዳኛ ያገኛል፤ ተጎጂዎችም የት ሄደው ፍትሕ እንደሚጠይቁ ያውቃሉ።

ሌላ ሥጋትም አለኝ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። የምርጫ ሕግ የሚከበረው ተወዳዳሪው ሕጉ ለሁሉም እኩል እንደሚሠራ ሲያምን ነው። አንዱ ዕጩ በማስጠንቀቂያ ሲታለፍ ሌላው በተመሳሳይ ቃል ዕጩነቱንም አጥቶ፣ ገንዘቡንም ከፍሎ፣ ችሎት ፊት ሲቆም ካየን፣ ልዩነቱ በየመሥሪያ ቤቱ ፍጥነት የመጣ ቢሆን እንኳ ሕዝቡ እንደዚያ አይተረጉመውም። የፖለቲካ በቀል ነው ይላል። ያን ካለ በኋላ የትኛውም መግለጫ አይመልሰውም።

ለሕግ ማሻሻያ ጊዜ እንደሚያስፈልግ እረዳለሁ፤ የጠየቅኋችሁ አብዛኛው ነገር ግን አዲስ አዋጅ አይፈልግም። ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ የምትፈራረሙት የጋራ የአሠራር ሰነድ ለመጀመር ይበቃል። ሰነዱን የፓርቲዎች የጋራ ምክር ቤትና የሕግ ባለሙያዎች ይዩት። የዘመቻ ጊዜ ከመከፈቱ በፊት ታትሞ በየምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት፣ በየዐቃቤ ሕጉ ቢሮና በየሬዲዮ ጣቢያው ይድረስ። ዕጩዎችም ሲመዘገቡ ከመታወቂያቸው ጋር አንድ ቅጂ ይሰጣቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር